«ማንን ላስቸግር?» ብለው ብቻቸውን መንገድ ለሚወጡ ወላጆች



ከሁለት ወር በፊት እዚህ ድሬ ጠያራ አንዲት የ68 ዓመት እናት መጡና «ዶክተር ልጄ፣ ሽንት የሚይዝ ኪኒን ስጪኝ» አሉኝ። ሽንት አስቸግሯቸው መስሎኝ ነበር። ለካ ጅቡቲ ያለችው ልጃቸው ወልዳለች። በድሬዳዋ፣ በደወሌ አድርገው በመኪና ሊሄዱ ነው። «ሾፌሩን በየመንገዱ አቁምልኝ ማለት ያሳፍረኛል» አሉ።

«ከማን ጋር ነው የሚሄዱት?»

«ብቻዬን ነዋ! ማንን ላስቸግር?»

እኚህ እናት ግፊትና ስኳር አለባቸው። አምና ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ሽንት እንዳይመጣ ብለው ውሃም ምግብም ሳይቀምሱ፣ የስኳር ኪኒናቸውን (ግሊቤንክላማይድ) ብቻ ውጠው ተሳፈሩ። አዋሽ ሳይደርሱ ላብ አጠመቃቸው፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ መቀባጠር ጀመሩ። አንዱ ክብሪት ጭሮ አሸተታቸው። ሌላዋ «ምች ነው» አለች። ስኳር እንዳለባቸው የሚያውቅ አንድም ሰው መኪናው ውስጥ አልነበረም። ደግነቱ አንዲት ልጅ የያዘችውን ለስላሳ አጠጣቻቸውና ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተመለሱ። ያ ለስላሳ ባይኖርስ?

የዛሬው ምክሬ አጭር ነው፦ በዕድሜ ለገፋ ሰው ከትኬት በፊት የሚያዘው የጉዞ ጓደኛ ነው።

1. ጓደኛ ከየት ይገኛል?

የግድ ልጅ ወይም ዘመድ መሆን የለበትም። በዕድር፣ በማኅበር፣ በአፎቻ፣ በጡረተኞች መካከል «ወደዚያ የሚሄድ አለ?» ብሎ መጠየቅ ነው። እኩያም ይሆናል። ዋናው ነገር፦

✔ ሲያምዎት ሳያፍሩ የሚነግሩት ሰው ይሁን
✔ ስልክ በደንብ የሚጠቀም፣ ለልጆችዎ መደወል የሚችል ይሁን
✔ «ቶሎ እንድረስ» ብሎ የማያጣድፍ ይሁን

ድንበር ከመሻገርዎ በፊት አንድ ቀን አብራችሁ ድሬዳዋ ደርሳችሁ ተመለሱ። ተስማምታችሁ መጓዝ መቻላችሁን በዚያች አጭር መንገድ ታውቁታላችሁ።

ከዚያ ለጓደኛዎ ሦስት ነገር ይንገሩ፦ ምን በሽታ እንዳለብዎት፣ መድኃኒትዎ የት ኪስ እንዳለ፣ ቢደክሙ መጀመሪያ ምን እንደሚደረግ። የስኳር ታማሚ ከሆኑ እንዲህ ይበሏቸው፦ «ካላበኝ፣ ከተንቀጠቀጥኩ ወይም ከቀባጠርኩ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠህ አጠጣኝ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለኝ ድገመኝ። ራሴን ከሳትኩ ግን በአፌ ምንም አትስጠኝ፣ ወደ ጤና ተቋም አድርሰኝ።»

2. ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ሐኪም ይዩ

ደረት ላይ ሕመም ካለ፣ ትንፋሽ የሚያጥር ከሆነ፣ በቅርብ የልብ ሕመም፣ ስትሮክ ወይም ቀዶ ጥገና ከነበረ፣ ግፊቱ ከ180 በላይ ከሆነ ጉዞው ትንሽ ይቆይ።

ብዙ አገሮች ከኢትዮጵያ የሚመጣን ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠይቃሉ። ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ነገር ግን ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ክትባቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወስዱ ሰዎች ላይ ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት የመከሰት ዕድሉ ከወጣቱ ከፍ ይላል። ስለዚህ ከመከተብዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ።

3. የእጅ ቦርሳዎ ውስጥ ምን ይኑር?

መድኃኒት ኮርኒስ ላይ ከሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ ከእጅ አይለይ። ከጉዞው ቀናት አንድ ሳምንት የሚተርፍ ይያዙ። የመድኃኒቶቹን ስም ጽፈው የወረቀቱን ፎቶ ለጓደኛዎ ይላኩ።

ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ ይህን ልብ ይበሉ። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ናት፤ ጅቡቲ ግን ባሕር ዳርቻ ላይ ናት፣ በበጋዋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ኢንሱሊን በሙቀት ይበላሻል። በላስቲክ አድርገው በእርጥብ ጨርቅ ይጠቅልሉት። ከበረዶ ጋር በቀጥታ አይገናኝ፣ ጸሐይ የሚመታው የመኪና መስታወት ሥርም አይቀመጥ።

4. መንገድ ላይ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ተቀምጦ መጓዝ በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት ዕድልን በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። አውሮፕላንም ሆነ አውቶብስ ያው ነው። ስለዚህ፦

✔ በየሁለት ሰዓቱ ወርደው አምስት ደቂቃ ይራመዱ። ተቀምጠውም ቁርጭምጭሚትዎን ያንቀሳቅሱ
✔ ሳይጠማዎት ውሃ ይጠጡ። ዕድሜ ሲገፋ የውሃ ጥም ስሜት ይቀንሳል። (የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብዎ ሐኪም በወሰነልዎ ልክ)
✔ የሚያሸና የግፊት ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ በራስዎ አያቋርጡ። ለጉዞው ቀን ሰዓቱን ማዛወር ይቻላል፤ ሐኪምዎን ይጠይቁ
✔ የስኳር ኪኒን ውጦ ወይም ኢንሱሊን ተወግቶ ምግብ መዝለል አይቻልም። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ የምትሄዱ ስኳር ያለባችሁ ሰዎች፣ ወቅቱ የነቢያት ጾም ስለሆነ መድኃኒቱን ከጾሙ ጋር እንዴት እንደምታስማሙት ቀድማችሁ ጠይቁ
✔ የመኪና ላይ በርጫ ይቅር። ጫት ግፊትንና የልብ ምትን ይጨምራል፣ ረሃብንም ያስረሳል
✔ ድሬዳዋም ሆነ ጅቡቲ ሲያድሩ አጎበር ይጠቀሙ። «ዝናብ የለም፣ ወባ የለም» አይባልም፤ አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የምትባለው ትንኝ ከተማ ውስጥ በውሃ በርሜል ትራባለች። ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት ከመጣ የት እንደነበሩ ለሐኪም ይንገሩ

5. «እንደርሳለን» የማይባልባቸው ምልክቶች

የደረት ሕመም፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ የአፍ መጣመም ወይም የአንድ ጎን መድከም፣ አንድ እግር ብቻ አብጦ ማመም፣ ራስን መሳት። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ጉዞው እዚያው ይቁም፤ ቅርብ ወዳለው ጤና ተቋም ይሂዱ።

ወደ እናታችን ልመለስ። ሽንት የሚይዝ ኪኒን አልሰጠኋቸውም። የሚያሸናውን ኪኒን ሰዓት አዛወርንላቸው፣ ግሊቤንክላማይዱን ከቁርስ ጋር አደረግነው። ከዕድራቸው እህቷን ልትጠይቅ ጅቡቲ የምትሄድ ጡረተኛ መምህርት አገኙ። ሁለቱም መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና ስኳር ሲወርድ ምን እንደሚደረግ አሳየኋቸው።

ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም ድምፃቸውን ላኩልኝ፦ «ዶክተርዬ፣ ብዙ ቦታ ነው ያስቆምነው። እኔ ሳፍር የምትጠይቀው እሷ ናት! ለካ እሷም ሽንት ያስቸግራታል።»

ወላጆቻችሁ «ማንን ላስቸግር» ሲሏችሁ እሺ ብላችሁ አትሸኟቸው። አብሯቸው የሚሄድ ሰው አፈላልጉላቸው።

ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ግንዛቤ ነው፤ የራስዎን ሐኪም ምክር አይተካም። መንገድ ሊወጣ ላሰበ አባት ወይም እናት ላለው ሰው ሼር ያድርጉ። ጥያቄ ካለዎት ከታች ይጻፉልኝ።

መልካም ጤና፣ መልካም መንገድ!