ያውቁ ኖሯል? ፈረሰኛ በፊልምና በአገራችን

● «ፎርት አፓቼ» የተሰኘው የጆን ፎርድ ጥቁርና ነጭ ፊልም ለእይታ የበቃው በ1948 እ.ኤ.አ. ነው። ሄንሪ ፎንዳ የሚጫወተው ትዕቢተኛ አዛዥ የጆን ዌይንን ምክር አልሰማ ብሎ ፈረሰኞቹን ሸለቆ ውስጥ ያስፈጃቸዋል።

● በእኛ ዘንድ የጦር አዛዥ በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፦ ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው።

● በ1951 እ.ኤ.አ. ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ ስያሜውን ያገኘው ከራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው፤ ዘማቾቹ ግን እግረኞች ነበሩ።

● በዓድዋ የኦሮሞ ፈረሰኞች የሸሸውን የጣሊያን ጦር አሳደዋል። በሱሉልታ፣ በቡራዩና በሰበታ ዙሪያ ዛሬም ኮርቻቸው በባለቀለም ክር ያጌጠ ፈረሶች ሠርግና በዓል ያደምቃሉ።