ተማሪዎች በሥዕል፣ በግጥምና በዲጂታል መሣሪያ ታሪክ መፍጠርን የሚማሩበት አሠራር

የክወናና የእይታ ጥበባት ትምህርት በመጀመሪያና በመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይሰጣል። የትምህርቱ ዓላማ ሠዓሊና ገጣሚ ማፍራት ብቻ አይደለም፤ ተማሪው ያየውንና ያሰበውን በቅደም ተከተል መግለጽ እንዲችል ማድረግም ጭምር ነው። በጽሑፍ ገና ያልበረታ ልጅ ሐሳቡን የሚያወጣበት ሌላ መንገድ ካላገኘ ሐሳብ የሌለው ይመስላል።

በሥዕል፦ ተማሪው ታሪኩን ከመጻፉ በፊት በአራት ወይም በስድስት ተከታታይ ሥዕሎች ይከፋፍላል። አንዱ ሥዕል ከሌላው ካልተያያዘ የታሪኩ ክፍተት ወዲያውኑ ይታያል። አሠራሩ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም፤ የንግሥተ ሳባን ታሪክ የሚያሳዩ ባህላዊ ሥዕሎች ታሪኩን በተርታ በተሰለፉ ምስሎች ይተርካሉ።

በግጥም፦ ተማሪው ከሥዕሎቹ አንዱን መርጦ በጥቂት ስንኞች ይገልጻል። በወል ቤት ምጣኔ አንድ ስንኝ 6 እና 6፣ በድምሩ 12 ቀለማት ስለሚይዝ፣ ትርፍ ቃልን መቀነስ ግድ ይሆናል። ከፍ ያለ ክፍል ያሉ ተማሪዎች በሰምና ወርቅ አንድን ቃል ለሁለት ፍቺ ማዋልን ይለማመዳሉ።

በዲጂታል መሣሪያ፦ ሥዕሎቹን በስልክ ፎቶ አንስቶ ትረካውን በድምፅ መቅዳት ይቻላል። ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ያለው ስልክ አንድ ከሆነ ተማሪዎች በቡድን ሆነው አንዱ ይተርካል፣ ሌላው ይቀዳል፣ ሌላው ቅደም ተከተሉን ይቆጣጠራል። የተጠናቀቀው ሥራ በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ሊቀርብ ይችላል።

የተማሪው መብት፦ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ወጥ የሆነና በጽሑፍ፣ በቀረጻ ወይም በሌላ ዘዴ ግዙፍነት ያገኘ የፈጠራ ሥራ ያለ ምዝገባ ጥበቃ ያገኛል፤ የአመንጪው ዕድሜም ሆነ የሥራው ደረጃ መብቱን አያስቀረውም። በመሆኑም የልጁን ሥራ፣ ስም ወይም ምስል በማኅበራዊ ሚዲያ ከማሰራጨት በፊት የወላጅን ወይም የአሳዳጊን ፈቃድ ማግኘት ተገቢ ነው።

የወላጆች ድርሻ፦ ወላጆች በቤት ውስጥ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ተረት እንዲነግሩ፣ ልጁ ሲተርክም ከማረም ይልቅ «ከዚያስ?» እያሉ እንዲያዳምጡ ይመከራል። ለሥዕልና ለግጥም የሚውል ጊዜ ከትምህርት የተሰረቀ ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም። ስለ ትምህርቱ አሰጣጥ ማብራሪያ የሚፈልግ ወላጅ የትምህርት ዓይነቱን መምህር ወይም የትምህርት ቤቱን ርእሰ መምህር መጠየቅ ይችላል።