ምጣዱ ለምን ሰነፈ? ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ ጉድለትና ማሻሻያ



ለዛሬው ገለጻ የመረጥሁት ርዕስ ከጓዳችሁ የራቀ አይደለም። በከተሞቻችንና መብራት በገባባቸው የገጠር ቀበሌዎች ሁሉ ከፍተኛውን ኃይል የሚወስደው የቤት ዕቃ የእንጀራ ምጣድ ነው። ስለ እርሱ የምሰማው ቅሬታ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ምጣዱ ሰነፈብኝ» ይባላል። እንጀራው ዐይን አያወጣም፣ ከሥር ይደርቃል፣ ከላይ ሊጥ ይሆናል። ሁለት ደቂቃ ተኩል ይበቃው የነበረው አምስት ይፈጃል። ለቤተሰቡ ብቻ ለሚጋግር ሰው ይህ መሰላቸት ነው፤ እንጀራ ሸጣ ለምታድር እናት ግን የቀኑ ገቢ እኩሌታ ነው።

ለዚህ ቅሬታ በየሰፈሩ የሚሰጠው መድኃኒትም አንድ ነው፤ የምጣዱን ሽቦ ማሳጠር። እኔ ዛሬ የምከራከረው ይህ መድኃኒት በአብዛኛው በሽታውን የሚያባብስ መሆኑን ነው። ምክንያቱን ለማሳየት ጥቂት ስሌት ያስፈልገኛል፤ ከመደመርና ከማባዛት የሚያልፍ ግን አይደለም።

በገበያ የተለመደው ምጣድ በ220 ቮልት 3500 ዋት ያህል ይወስዳል እንበል። ይህም 16 አምፔር ገደማ ነው፤ የሽቦውም መቋቋም ወደ 13.8 ኦም ይሆናል። ሽቦው ኒክሮም ወይም መሰሉ ቅይጥ ነው። ኒክሮም ሲግል በላዩ ላይ ስስ የክሮሚየም ዝገት ያለብሳል፣ ያ ልባስ ደግሞ የውስጡን ብረት ከአየር ይጠብቀዋል፤ ዓመታት የሚያገለግለውም ስለዚህ ነው። መዳብ ይህ ጸጋ የለውም። የተበጠሰ የምጣድ ሽቦን በመዳብ ክር አስሮ መቀጠል ከሳምንታት በላይ የማይቆየው ለዚህ ነው።

አሁን ምጣዱ ዘንድ የሚደርሰው ቮልት ከ220 ወደ 180 ወረደ እንበል። ቮልቱ የቀነሰው በ18 በመቶ ነው። ኃይሉ ግን የቮልቱን ራሱን በራሱ ብዜት ስለሚከተል በ33 በመቶ ይቀንሳል፤ 3500 የነበረው 2350 ዋት ገደማ ይሆናል። ነገሩ በዚህም አያበቃም። ከምጣዱ ሥርና ከጠርዙ ወደ አየር የሚያመልጥ ሙቀት አለ። ለስሌት ያህል ይህን ብክነት 1000 ዋት እናድርገው። ምጣዱ በሚፈለገው የመጋገሪያ ሙቀት፣ ማለትም በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ እስካለ ድረስ ይህ ብክነት ቮልት ስለወረደ አይቀንስም። ስለዚህ በደኅናው ቀን ለሊጡ የሚተርፈው 2500 ዋት ሲሆን በ180 ቮልት የሚተርፈው 1350 ብቻ ነው። በቮልት 18 በመቶ የነበረው ጉድለት በእንጀራው ላይ 46 በመቶ ሆኖ ይታያል። የእናቶቻችን ቅሬታ ማጋነን አለመሆኑን ከዚህ ተረዱልኝ።

አንዳንድ ሰው «አገሩ ደጋ ስለሆነ ነው» ይላል። እርግጥ ነው፣ በቡሬ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህ ግን ትናንትም የነበረ ነገር ነው፣ ዛሬ ምጣዱን ያሰነፈው እርሱ አይደለም። ሌላው ደግሞ «የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ ሳለ ኃይል እንዴት ያንሰናል?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ግድቡ ሞልቶ፣ ከፍተኛው መስመር ሞልቶ፣ ኃይሉ በመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች ሊጠፋ ይችላል። ከትራንስፎርመሩ እስከ ቆጣሪው፣ ከቆጣሪው እስከ ምጣዱ ያለው ገመድ ራሱ ትንሽ ምጣድ ነው፤ ሳይታዘዝ ይሞቃል።

እስቲ ገመዱን እናስላው። ከምሰሶ ወደ ቤቶች የሚሄድ 10 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ገመድ 100 ሜትር ቢረዝም፣ ሄዶ መመለሻው ተደምሮ መቋቋሙ 0.56 ኦም ያህል ነው። አንድ ምጣድ ሲበራበት 9 ቮልት ይወድቃል፤ ይህ ይቻላል። በገጠር ቀበሌዎች እንደምናየው ግን ከአንድ ቆጣሪ ሦስትና አራት ጎረቤት ይስባል። በዚያው ገመድ ጫፍ አምስት ምጣድ አብሮ ቢበራ ውድቀቱ ወደ 40 ቮልት ይጠጋል። በፋሲካና በመስቀል ዋዜማ ምጣድ ሁሉ የሚሰንፈው፣ አምፖሉም የሚደበዝዘው በዚህ ነው።

እዚህ ላይ ሽቦ የማሳጠሩን ነገር ላንሳ። ባለሙያው ከሽቦው አንድ አምስተኛውን ይቆርጣል፤ መቋቋሙ ወደ 11 ኦም ይወርዳል። በ180 ቮልት ላይ ምጣዱ 2900 ዋት ያህል ያገኛል፣ ባለቤቲቱም ትደሰታለች። ይሁንና የሚስበው አምፔር ስለጨመረ የጋራው ገመድ ቮልት ይበልጥ ይወርዳል፣ የጎረቤቷ ምጣድ ይሰንፋል። ጎረቤቲቱም ሽቦዋን ታስቆርጣለች። እንዲህ እየተባለ መንደሩ ሁሉ አጭር ሽቦ ይዞ ዝቅተኛ ቮልት ይካፈላል። ከዚያ አንድ ሌሊት፣ ሌላው ሰው ተኝቶ ሳለ፣ ቮልቱ ወደ 220 ይመለሳል። ያ የተቆረጠ ሽቦ ያን ጊዜ 20 አምፔርና ወደ 4400 ዋት ይስባል፤ ለ16 አምፔር የተሠራ ሶኬት ከአቅሙ በላይ ተጫነበት ማለት ነው። ሽቦውም አጥሮ ሳለ ኃይሉ ስለበዛ በእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ላይ ያለው ግለት ከመጀመሪያው በ56 በመቶ ይበልጣል። ሽቦው ቢበጠስ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ቀድሞ የሚቀልጠው ሶኬቱ ከሆነና ሶኬቱ በጭቃና በእንጨት ግድግዳ ላይ ከሆነ ግን ቤት ይቃጠላል።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት እናት ሽቦውን ሁለት ጊዜ አስቆርጠው ለሦስተኛ ጊዜ ሊያስቆርጡ ሲሉ ደረስሁ። ሽቦውን ስለካው 11 ኦም ነበር። ምጣዱ ሳይበራ ሶኬቱ ላይ 209 ቮልት አለ፤ ይህን ብቻ ያየ ሰው «መብራቱ ደኅና ነው፣ ምጣዱ ነው የታመመው» ይላል። ምጣዱ ሲበራ ግን ቮልቱ 174 ሆነ። በዚያው ሰዓት ቆጣሪው ላይ ስንለካ 203 ነበር። እንግዲህ 29 ቮልት የጠፋው በራሳቸው ቅጥር ግቢ ውስጥ ነው። በ16 አምፔር ሲባዛ 460 ዋት ገደማ ማለት ነው፤ ቆጣሪው ይቆጥረዋል፣ እርሳቸው ይከፍሉታል፣ ምጣዱ ግን አያገኘውም።

የጠፋበትን ፈልገን ለማግኘት አልተቸገርንም። ከቆጣሪው እስከ ማድ ቤቱ 30 ሜትር የሚሄደው ገመድ ለአምፖል የሚበቃ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነበር። መሐል ላይ ደግሞ መዳብና አሉሚኒየም በእጅ ተጠምዝዘው በፕላስተር ተጠቅልለዋል፤ ፕላስተሩ ጠቁሮ ተኮማትሯል። መዳብና አሉሚኒየም በቀጥታ ሲገናኙ እርጥበት ባለበት ይበላላሉ፤ የአሉሚኒየም ዝገት ደግሞ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። መጋጠሚያው በሞቀ ቁጥር ይላላል፣ በላላ ቁጥር ይሞቃል። ገመዱ በአንድ ወጥ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ተተካ፣ የምጣዱም ሽቦ በሙሉ ርዝመቱ በአዲስ ተለወጠ። ከዚያ በኋላ ምጣዱ ላይ 200 ቮልት ደረሰ። ቀድሞ ከቆጣሪው 3200 ዋት ተስቦ ለምጣዱ 2750 ይደርስ ነበር፤ አሁን ወደ 2950 ተስቦ 2900 ይደርሳል። ሙቀቱ ጨመረ፣ የሚቆጠረው ቀነሰ።

ስለዚህ ምርመራው በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን። ምጣዱ በርቶ ሳለ፣ ልብ በሉ፣ በርቶ ሳለ፣ ቮልቱ በቆጣሪውና በምጣዱ ጫፍ ይለካ፤ ይህን የሚሠራው ቴስተር መያዝ የሚያውቅ ባለሙያ ብቻ ነው። ልዩነቱ ከ8 ወይም ከ10 ቮልት ከበለጠ ጥፋቱ በግቢው ገመድ ወይም መጋጠሚያ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ሆኖ ቆጣሪው ላይ ራሱ ቮልቱ ዝቅ ካለ ጉዳዩ የመስመሩ ነው፤ ሰዓቱንና ቮልቱን ለአንድ ሳምንት መዝግቦ፣ የጎረቤቶችንም አክሎ፣ በጽሑፍ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ማቅረብ ይሻላል። ቁጥር የያዘ አቤቱታ «መብራቱ ደከመ» ከሚል አቤቱታ ይልቅ ለመሐንዲሱ ሥራ ይሰጠዋል። ሁለቱም ቦታ ቮልቱ ደኅና ከሆነ ብቻ ነው ወደ ምጣዱ የምንመለሰው፤ ያን ጊዜ ፕላጉ ተነቅሎ፣ ምጣዱ ቀዝቅዞ፣ የሽቦው ኦም ይለካል።

ስለ ማሻሻያው ደግሞ ልናገር። ቀደም ሲል ያሰላነውን 1000 ዋት ብክነት አስታውሱ። በ180 ቮልት ላይ ያለ ምጣድ ብክነቱ ወደ 500 ዋት ቢወርድ ለሊጡ የሚተርፈው ከ1350 ወደ 1850 ዋት ያድጋል፤ አንድ አምፔር ሳይጨመር፣ ጎረቤት ሳይጎዳ። የብዙ ምጣዶች ሥር ባዶ ላሜራ ነው፤ እጃችሁን ወደ ሥሩ ብታስጠጉ ሙቀቱን ታገኙታላችሁ። በሸክላውና በላሜራው መካከል ያለው ክፍተት በማይቃጠልና በደረቀ ነገር ቢሞላ ብክነቱ ይቀንሳል። በእጃችን ያለው ደግሞ በወንፊት የተነፋ ደረቅ አመድ ነው፤ በውስጡ አየር ስለሚይዝ ሙቀት አያሳልፍም። ሰጋቱራ፣ ስፖንጅና ፕላስቲክ ፈጽሞ አይገባም። የእንጨት ምጣድን በሲሚንቶና በቀላል ድንጋይ የከበበው «ምርጥ» የተባለው ምድጃም የተመሠረተው በዚሁ ሐሳብ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ ሥሩ ሲሸፈን የሽቦው ጫፍ መገናኛም ይበልጥ ይሞቃል። ስለዚህ መገናኛው ከአመዱ ውጭ ይሁን፣ ፕላስቲክ ሳይሆን የሸክላ ተርሚናል ይሁን።

ሸክላው ራሱ 10 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ እርሱን ለማጋል ብቻ ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይሄዳል። በሳምንት ሦስት ጊዜ አምስት አምስት እንጀራ ከመጋገር አንድ ጊዜ አሥራ አምስት መጋገር ሁለት ማጋያ ያተርፋል። የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራዎች ምጣዱን አጥፍቶ በያዘው ግለት ማውጣትም የብዙ እናቶች የቆየ ዘዴ ነው፤ እኔ የጨመርሁበት ስሌቱን ብቻ ነው።

በመጨረሻ ስለ ንዝረት። «ሲነዝረኝ ፕላጉን ገልብጬ እሰካዋለሁ፣ ይተወኛል» የሚለውን በየቤቱ ሰምቻለሁ። የሚተወው በዚህ ምክንያት ነው፤ ደረቅ ሸክላ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ ሊጥ የፈሰሰበት ወይም የተሰነጠቀ ሸክላ ግን ያሳልፋል። የሚያፈሰው ቦታ ለሽቦው አንደኛው ጫፍ የቀረበ ከሆነ፣ ፕላጉ ሲገለበጥ ያ ጫፍ ከፌዝ ወደ ኒውትራል ይዞራል፣ ንዝረቱም ይደክማል። ማፍሰሱ ግን አልቆመም። ከዚህም የከፋው፣ ማብሪያ ማጥፊያው የሚቆርጠው ኒውትራሉን ከሆነ ምጣዱ «ጠፍቶ» ሳለ ሽቦው በሙሉ ፌዝ ይዞ ይቀመጣል። እርጥብ ማሰሻ ይዞ፣ በባዶ እግር በመሬት ወለል ላይ ቆሞ፣ የጠፋ መስሎት ምጣድ የሚወለውል ሰው የሚሞተው እንዲህ ባለው አጋጣሚ ነው። የምጣዱ ላሜራ ከመሬት ጋር በኧርዝ ገመድ ይታሰር፤ አቅም ያለው 30 ሚሊ አምፔር ሲፈስ የሚቆርጥ ብሬከር ያስገባ። ያ እስኪሆን ድረስ ምጣድ የሚወለወለው ፕላጉ ከሶኬቱ ተነቅሎ በዐይን በሚታይ ቦታ ከተቀመጠ በኋላ ነው።