አዳማ መውረዱ ቀላል፣ መመለሱ ግን…

ቅዳሜ ልጆችን ይዞ በፈጣን መንገዱ አዳማ መውረድ ለብዙ ቤተሰብ የተለመደ ነው። መኪናው ኤሌክትሪክ ከሆነ ግን የመሄጃውና የመመለሻው ሂሳብ ይለያያል።

አዲስ አበባ 2,300፣ አዳማ ደግሞ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። 1,800 ኪሎ የሚመዝን መኪና ይህን 600 ሜትር ለመውጣት ብቻ 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይፈልጋል። ይህ ሜዳ ላይ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬዳል። ስለዚህ ሲወርዱ የጨረሱትን ያህል ባትሪ ብቻ ይዘው ከአዳማ ቢነሱ ቤትዎ አያደርስዎትም።

የቀረው በእግርዎ ላይ ነው። በሰዓት ከ100 ወደ 120 ኪሎ ሜትር ሲጨምሩ ነፋሱ መኪናውን የሚይዝበት ኃይል በ44 በመቶ ያድጋል። ቁልቁለት ላይ ቀደም ብለው እግርዎን ከፔዳሉ ቢያነሱ ሞተሩ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። በድንገት ፍሬን ሲረግጡ ግን ከፊሉ ኃይል ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። የጎማ ነፋስም ከመነሳትዎ በፊት ያስለኩ።

ምሳ ሲበሉ መኪናው ቻርጅ የሚደረግበትን ቦታ ከቤት ሳይወጡ በስልክ ያረጋግጡ። ልጆች ከኋላ ተኝተው፣ በምሽት፣ ዳገት ላይ የባትሪውን ቁጥር እየቆጠሩ መንዳት ለማንም አይመከርም።