የባሕር ዓሣን ከቤት ወደ ቤት ስለ ማዛወር

ከመሐል ከተማ ለቀው በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የቤት ቁልፍ የተረከቡ የመንግሥት ሠራተኛ እንደ ሆኑ፣ አልጋና ቁም ሣጥን በአይሱዙ አስጭኖ መሄድ ብዙ ዘዴ አይጠይቅዎትም። ነገር ግን በሳሎንዎ ነጭ መቀነት የታጠቁ ትንንሽ የባሕር ዓሦች የሚዋኙበት የመስታወት ገንዳ ያለ እንደ ሆነ፣ ጉዳዩ ሌላ ነው። ቁም ሣጥን ቢጋጭ ይጠገናል፤ ዓሣ ግን ከሞተ በኋላ የሚደረግለት ነገር የለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ንጽሕናን ከመውደድ የተነሣ ነው። አዲስ ቤት ገባሁ ብሎ ገንዳውን አጥቦ፣ የማጣሪያውን ስፖንጅ በቧንቧ ውኃ አለቅልቆ፣ አሮጌውን ውኃ ደፍቶ አዲስ ይሞላል። ገንዳው እንደ ብርሌ ያበራል፤ ዓሦቹ ግን ሳምንት ሳይሞላቸው አንድ በአንድ ያልቃሉ። ምክንያቱ ምን ይሆን?

ዓሣ ከሰውነቱ አሞኒያ የተባለ መርዝ ያወጣል። በሰፊው ባሕር ይህ መርዝ ይበተናል፤ በገንዳ ውስጥ ግን ይጠራቀማል። ዓሣውን የሚያድኑት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ወገን ናይትራይቱን ጉዳቱ እጅግ ወዳነሰው ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ይህን ሥራቸውን ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለው ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1890 ገደማ ገልጦ አስረድቷል። ባክቴሪያዎቹ በአብዛኛው የሚኖሩት በውኃው ውስጥ ተንሳፈው ሳይሆን በድንጋዩ፣ በአሸዋውና በማጣሪያው ላይ ተጣብቀው ነው። እንግዲህ ዕድፍ መስሎን የምናጥበው ነገር የዓሣው ጠባቂ ነው ማለት ነው። ከዓሣው ጋራ መዛወር ያለበትም ይኸው የማይታይ ሠራዊት ነው።

ስለዚህ ከጉዞው በፊት በነበረው ቀን ዓሦቹን አይመግቡ፤ የጾመ ዓሣ በመንገድ የሚያወጣው ቆሻሻ ጥቂት ነውና። በማግስቱ በመጀመሪያ የገንዳውን ውኃ ሳሙናም ዘይትም ባልነካው ጀሪካን ይቅዱ። ድንጋዩንና ስፖንጁን በዚያው ውኃ ነክረው በባልዲ ያኑሩ፤ ከደረቁ ባክቴሪያዎቹ ይሞታሉ። ዓሦቹን ክዳን ባለው ባልዲ ለየብቻ ይያዙ። ገንዳውን ከነውኃው ለማንሣት ከቶ አይሞክሩ፤ 200 ሊትር የባሕር ውኃ ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናልና፣ በደረጃ ላይ ሰውንም መስታወቱንም ይጐዳል።

አዲስ አበባና አካባቢዋ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያሉ ስለ ሆኑ፣ ውኃ እዚህ የሚይዘው ኦክሲጅን በእኩል ሙቀት በባሕር ጠረፍ ከሚይዘው በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። መንገዱም ሊጨናነቅ ይችላል። እንግዲያውስ በባትሪ የሚሠራ የአየር መንፊያ በባልዲው ውስጥ ማኖር ይገባል። እነዚህ ዓሦች 25 ዲግሪ ያህል ሙቀት የለመዱ ናቸውና ባልዲውን በጋቢ መጠቅለልም አይክፋዎት።

ለሚጐድለው ውኃ የወጥ ቤት ጨው አይሆንም። በአንድ ሊትር የባሕር ውኃ 35 ግራም ያህል ጨው ይገኛል፤ ነገር ግን በውስጡ ማግኒዝየም፣ ካልሲየምና ሌላም ማዕድን ስላለ፣ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀውን የባሕር ጨው መግዛት ያስፈልጋል። ይህንንም ክሎሪኑ በተወገደለት ውኃ ከአንድ ቀን በፊት በአዲሱ ቤት በጥብጠው ያቆዩ። የውኃውንና የመብራቱን ፈረቃ አስቀድመው ከጎረቤት ይጠይቁ፤ መብራት በሌለበት ቀን ዓሣ ማዛወር ራስን ማስቸገር ነው።

ኮዬ ፈጬ እንደ ደረሱ ሶፋው ይቆይ፤ ገንዳው ይቅደም። አሸዋውን፣ ድንጋዩን፣ አሮጌውን ውኃና ማጣሪያውን ወደ ቦታቸው መልሰው፣ ጨዉንና ሙቀቱን ለክተው፣ ዓሦቹን ከአዲሱ ውኃ ጋራ ቀስ በቀስ ያላምዱ። በዚያች ሌሊት የገንዳው መብራት ይጥፋ። እስከ ሳምንት ድረስ ምግብ ይቀንሱ፤ አሞኒያውንም በየቀኑ ይለኩ። ውኃው ለጥቂት ቀናት ደፍርሶ ቢታይ አይደንግጡ፤ ገንዳውን እንደ ገና ለማጠብም አይቸኩሉ። ባክቴሪያዎቹ በደኅና ከገቡ፣ ዓሦቹም ቤቱን ይለምዱታል።