ዝም ያለ ታማሚ ሁሉ ደህና አይደለም

ክረምቱ አልፎ ወባ በሚበረታባቸው ወራት የአሶሳና የአካባቢዋ ጤና ተቋማት ትኩሳት የያዛቸው ሰዎች ይበዙባቸዋል። ብዙዎቹ መድኃኒታቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። አንዳንዱ ግን አልጋ ይይዛል፤ ማታ ሲያወራ ያመሸው ሰው ጧት ሲጠሩት ዓይኑን ገለጥ አድርጎ መልሶ ይከድናል። አስታማሚው «ተመስገን፣ እንቅልፍ ወሰደው» ይላል። ነርሷም ሙቀቱን፣ የደም ግፊቱንና የልብ ምቱን መዝግባ ወደሚቀጥለው አልጋ ታልፋለች። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው።

«የአእምሮ ሁኔታ ምርመራ የሳይካትሪ ክፍል ሥራ ነው» የሚለው እምነት በባለሙያዎች ዘንድም ሥር ሰዷል። ነገር ግን አንጎል ስኳር ወይም ኦክስጅን ሲያንሰው፣ ወባ ወይም ማጅራት ገትር ሲያጠቃው ችግሩ ቀድሞ የሚታየው በታማሚው ንቃት፣ ትኩረትና ንግግር ላይ ሊሆን ይችላል። ከባድ ወባ የደም ስኳርን ያወርዳል፤ በደም ሥር የሚሰጥ ኩዊኒንም ያባብሰዋል። በዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት አንድ አዋቂ የወባ ታማሚ በግላስጎው የንቃት መለኪያ ከ11 በታች ካገኘ፣ ወይም ስኳሩ በዴሲሊትር ከ40 ሚሊግራም በታች ከወረደ ወባው ከባድ ነው። ስለዚህ ድንገት የፈዘዘውን ሰው «ይተኛ» ከማለት በፊት ጣቱን ወግቶ ስኳሩን መለካት ያስፈልጋል። ቤተሰቡ «ጂኒ ነው» ወይም «ዛር ነው» ቢል ሙግት መግጠም አይገባም። ጸሎቱም ዱዓውም ይቀጥል፤ ልኬቱ ግን አይዘግይ።

«አልረበሸም፣ ደህና ነው» የሚለውም እንዲሁ ያሳስታል። ዲሊሪየም የሚባለው ድንገተኛ የአእምሮ መዛባት ሁልጊዜ በጩኸት አይመጣም። የተሰካለትን ቱቦ ነቅሎ ከአልጋ የሚወርደውን ሁሉም ያየዋል፤ ፈዝዞ የሚተኛው ግን ይታለፋል፣ ሽማግሌ ከሆነማ «እርጅና ነው» ይባላል። እርጅና ሰውን በአንድ ሌሊት አይለውጥም። እዚህ ላይ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ለአስታማሚው የሚቀርበው ነው፦ «አባባ ትናንትና ከትናንት ወዲያም እንዲህ ነበሩ?» ቀጥሎ ታማሚው የሳምንቱን ቀናት ከእሑድ ጀምረው ወደ ኋላ እንዲቆጥሩ መጠየቅ ይቻላል። መሀል ላይ ሐሳቡ የሚጠፋባቸው ከሆነ ትኩረታቸው ተነክቷል ማለት ነው።

ሦስተኛው እምነት አሶሳ ባለችበት ክልል በተለይ ይከብዳል፤ «ጥያቄውን ካልመለሰ ግራ ተጋብቷል» የሚለው ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። ታማሚው ግን በርታኛ፣ ጉሙዝኛ፣ ሽናሽኛ፣ ማኦኛ ወይም ኮሞኛ ተናጋሪ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1997 ከተከፈተው ከሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ የሚመጣው ሱዳናዊ ደግሞ ዓረብኛ ያወራል። ግላስጎው ለንግግር 5 ነጥብ ይሰጣል። በራሱ ቋንቋ በትክክል የመለሰ ሰው ነርሷ ስላልገባት ብቻ «የማይገናኝ ቃል ተናገረ» ተብሎ 3 ቢሰጠው፣ ድምሩ ከ15 ወደ 13 ይወርዳል። የወረደው የመርማሪዋ መረዳት እንጂ የታማሚው አእምሮ አይደለም። የተገላቢጦሹም አለ፦ 15 ያገኘ ሰው ትኩረቱ የተዛባ ሊሆን ይችላል፤ መለኪያው የተሠራው ለንቃት ነውና።

«ዛሬ ስንት ነው?» የሚለው ቀላል ጥያቄ እንኳ ቀላል አይደለም። አንዷ «ሚካኤል ነው» ትላለች፣ ሌላው ከረመዳን ስንተኛው ቀን እንደሆነ ይናገራል፤ ሁለቱም ያሉበትን ቀን ያውቃሉ። ሱዳናዊው ጧት በ2 ሰዓት «8 ሰዓት ነው» ቢል በአገሩ አቆጣጠር ልክ ነው። ከ100 ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ መቁጠርም ትምህርት ቤት ላልገባ ሰው የአእምሮ ሳይሆን የትምህርት ፈተና ይሆንበታል፤ በገበያ ሒሳብ፣ በብር መልስ መጠየቅ ይሻላል። የአማርኛ ምሳሌያዊ አነጋገር እንዲተረጉም የተጠየቀ የጉሙዝ አርሶ አደር «አላውቅም» ቢል ስለ አስተሳሰቡ ምንም አይነግረንም።

አስተርጓሚ ሲገኝም ሥራው አያልቅም። ልጅ ለአባቱ ሲያስተረጉም የተዘበራረቀውን አቃንቶ ያቀርባል፤ አባቱ እንዳያፍር ብሎ ነው። «የተናገሩትን እንዳለ ንገረኝ፣ ትርጉም ባይሰጥም» ብሎ አስቀድሞ ማስረዳት ያስፈልጋል።

በቤተሰብ አፍ በፍጹም መጠየቅ የሌለበት ግን አለ። «ስለ ራስ ማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን ያስገባል» የሚል ፍርሃት ብዙ ነርሶችን ዝም ያሰኛል። እስከ ዛሬ የተደረጉ ጥናቶች ይህን አይደግፉም፤ መጠየቅ ሐሳቡን እንደሚያመጣ አላሳዩም፣ ለአንዳንዱም እፎይታ ይሰጣል። ከጦርነት የሸሸች እናት ልጆቿ በተቀመጡበት እውነቱን አትናገርም። ዘመድ ያልሆነ አስተርጓሚ ይፈለግ፣ አስታማሚዎቹ ይውጡ፣ ጥያቄውም ሳይሸፋፈን ይቅረብ፦ «ሕይወትሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» አዎ ካለች ብቻዋን አትተውም፤ ለሐኪሙ ወዲያው ይነገራል።

የቀረው ቻርቱ ላይ የሚጻፈው ነው። «ኮንፊውዝድ» ብቻ የሚል ማስታወሻ የሌሊት ተረኛዋን አይረዳትም። «ከቀኑ 10 ሰዓት፦ በበርታኛ ተጠይቀው ስማቸውንና ሆስፒታል መሆናቸውን ተናግረዋል፤ የሳምንቱን ቀናት ወደ ኋላ ሲቆጥሩ ዓርብ ላይ ቆመዋል፤ ያስተረጎመው ልጃቸው ነው» ተብሎ ከተጻፈ ግን እሷም ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ በዚያው ቋንቋ ያንኑ ጠይቃ ታወዳድራለች። ቅዳሜ ላይ ከቆሙ፣ ወይም ጭራሹን ካልጀመሩ፣ ሐኪም የምትጠራበት ምክንያት በእጇ አለ።