ስለገባ ብቻ አይሠራም፦ የፒኤልሲ ኬብሎችና መሰኪያዎቻቸው



ከመካከላችን ለኢንተርንሺፕ ለመውጣት የተዘጋጁ የምሕንድስና ተማሪዎች ጥቂት አይደሉም። ባሕር ዳርም ተመደባችሁ ኮምቦልቻ፣ ወይም በየወረዳችሁ ባለ የዱቄት ፋብሪካ ወይም የከተማ ውኃ አገልግሎት፣ ካቢኔቱ ሲከፈት አንድ ትንሽ ሳጥን ታገኛላችሁ። ሞተሩ መቼ እንደሚነሣ፣ ቫልቩ መቼ እንደሚዘጋ፣ ታንከሩ ሲሞላ ፓምፑ እንዲቆም የሚወስነው ይህ ሳጥን ነው፤ ፒኤልሲ ይባላል። በክፍል ውስጥ ላደር ዲያግራም እንማራለን፣ በሲሙሌተር እንሠራለን፣ ጥሩ ውጤትም እናመጣለን። ስለ ኬብሉ ግን እምብዛም አይነገረንም። እውነተኛው ካቢኔት ፊት ስንቆም ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «ላደር ታውቃለህ ወይ?» ሳይሆን «ኬብል ይዘሃል ወይ?» ነው።

ይህ ቀላል የሚመስለው መርካቶ አጠገብ ላለ ሰው ነው። እስቲ ንፋስ መውጫን አስቡ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ከወረታ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚያ አንድ ማሽን ቢቆምና ባለሙያው የተሳሳተ ኬብል ይዞ ቢመጣ፣ ትክክለኛውን ፍለጋ ደብረ ታቦርንና ወረታን አልፎ ባሕር ዳር፣ እዚያም ካጣ አዲስ አበባ ድረስ መላክ ሊኖርበት ነው። የከፋው ደግሞ ያንኑ የተሳሳተ ኬብል «እስቲ ልሞክረው» ብሎ ሰክቶ ፖርቱን ማቃጠል ነው። ፖርቱ የተቃጠለ ፒኤልሲ ማሽኑን ማሠራቱን ሊቀጥል ይችላል፤ ከዚያ ወዲያ ግን በዚያ ፖርት በኩል ማንም ሊያነጋግረው አይችልም።

ላፕቶፕና ፒኤልሲ እንዲነጋገሩ ሦስት ነገሮች መግጠም አለባቸው። አንደኛው የመሰኪያው ቅርጽ ነው፤ ይህን ዓይናችን ያየዋል። ሁለተኛው በሽቦዎቹ ውስጥ የሚያልፈው ቮልቴጅ ነው። ሦስተኛው ቋንቋው፣ ማለትም ፕሮቶኮሉ ነው። ሰው የሚሳሳተው ቅርጹ ከገጠመ ሌሎቹም የገጠሙ ስለሚመስለው ነው። ቋንቋው ባይገጥም ብዙ ጊዜ የሚጎዳ ነገር የለም፤ ሶፍትዌሩ መገናኘት አልቻልኩም ይላል፣ በቃ። ቮልቴጁ ካልገጠመ ግን ጉዳት አለ።

በጣም ከሚታወቀው እንጀምር፤ የላቲኑን «ዲ» ፊደል ከሚመስለው ባለ 9 ፒን መሰኪያ። ይህን የመሰኪያ ቤተሰብ ካነን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1952 አወጣው። በአሮጌ ኮምፒውተሮች ጀርባ ላይ ያለው ይህ ፖርት የሚሠራው አርኤስ-232 በተባለው ስታንዳርድ ነው። ስታንዳርዱ እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣ ሲሆን በተቀባዩ በኩል ከ3 እስከ 15 ቮልት ፖዘቲቭ ሲሆን «0»፣ ከ3 እስከ 15 ቮልት ኔጌቲቭ ሲሆን ደግሞ «1» ብሎ ያነባል። አንድ ሽቦ ይልካል፣ አንድ ሽቦ ይቀበላል፣ አንዱ ደግሞ የጋራ ግራውንድ ነው። ችግሩ ሞተርና ኮንታክተር በሞላበት ቤት ውስጥ ከአካባቢው የሚመጣ ጩኸት በቀላሉ ይረብሸዋል፤ የሚመከረውም ርዝመት ወደ 15 ሜትር ብቻ ነው።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1983 አርኤስ-485 መጣ። እዚህ ላይ ሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች አሉ፤ ተቀባዩ የሚያነበው የእያንዳንዱን ቮልቴጅ ሳይሆን የሁለቱን ልዩነት ነው። ከሞተር የሚመጣ ጩኸት ሁለቱንም ሽቦዎች በእኩል ስለሚነካቸው ልዩነቱ አይለወጥም። በዚህ ምክንያት እስከ 1,200 ሜትር ይደርሳል፤ በአንድ መስመር ላይም 32 መሣሪያዎችን ማገናኘት ይቻላል። ሐሳቡ ግሩም ነው። አሳሳቹ ነገር ሁለቱም ስታንዳርዶች ያንኑ ባለ 9 ፒን መሰኪያ መጠቀማቸው ነው።

ምሳሌው የሲመንስ ኤስ7-200 ነው። ምርቱ ቢቆምም በአሮጌ ማሽኖች ላይ ዛሬም የሚያጋጥም ፒኤልሲ ነው። ፖርቱ ባለ 9 ፒን አርኤስ-485 ሲሆን መረጃው የሚሄደው በ3ኛውና በ8ኛው ፒን ነው። 7ኛው ፒን ላይ ደግሞ 24 ቮልት ይወጣል፤ የፕሮግራሚንግ ኬብሉን ለማንቀሳቀስ ተብሎ የተዘጋጀ ነው። በኮምፒውተሩ በኩል ያለው 7ኛ ፒን ደግሞ ራሱ ምልክት የሚልክ ነው። አንድ ሰው ከሱቅ ተራ ባለ 9 ፒን ማራዘሚያ ኬብል ገዝቶ ሁለቱን ቢያገናኝ መሰኪያው ያለምንም ችግር ይገባል፤ ብሎኖቹም ይጠብቃሉ። ውስጡ ግን የ24 ቮልቱ ምንጭ ከላፕቶፑ መላኪያ ጋር ፊት ለፊት ተፋጧል። ለዚህ ፒኤልሲ የተሠራው ኬብል መሐሉ ላይ ትንሽ ሳጥን ያለው ለጌጥ አይደለም፤ አንዱን ቮልቴጅ ወደ ሌላው የሚቀይረው ወረዳ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ክቧ ባለ 8 ፒን መሰኪያ፣ ሚኒ-ዲን የምትባለው፣ ከዚህም ታሳስታለች። የሚትሱቢሺ ኤፍኤክስ ፒኤልሲዎች ይጠቀሙባታል፤ ዴልታ ዲቪፒም ይጠቀምባታል፤ የአለን-ብራድሊ ማይክሮሎጂክስም እንዲሁ። በዓይን ሲታዩ ወንድማማቾች ናቸው። የሚትሱቢሺው ግን አርኤስ-422 ነው፤ እሱም እንደ 485 በሽቦዎች ልዩነት የሚሠራ ነው። ዴልታውና ማይክሮሎጂክሱ ደግሞ አርኤስ-232 ናቸው፤ የእነሱም ቢሆን የፒን አደራደርና ፕሮቶኮል እርስ በርሱ አይመሳሰልም። ስለዚህ ለሚትሱቢሺ የሚሸጠው ኤስሲ-09 የተባለው ኬብል ለዴልታ አይሆንም። ሱቅ ስትሄዱ «ክብ መሰኪያ ያለው የፒኤልሲ ኬብል» ብላችሁ አትጠይቁ፤ የፒኤልሲውን ስምና ሞዴል ከነቁጥሩ ተናገሩ፤ ከተቻለ የሰሌዳውን ፎቶ በስልካችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ፒኖቿም ቀጫጭን ናቸው፤ ቀስቱን ሳያዩ ገፍቶ ማዞር ያጣምማቸዋል።

ለምን አንድ ዓይነት አላደረጉትም? የሚል ይኖራል። የፕሮግራም ቋንቋዎቹ እኮ አንድ ተደርገዋል፤ ላደርን ጨምሮ በክፍል የምንማራቸው ቋንቋዎች አይኢሲ 61131-3 በተባለው ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ እ.ኤ.አ. በ1993 ተደንግገዋል። የፕሮግራሚንግ ቀዳዳው ግን ለየኩባንያው ምርጫ ተተወ፤ በእኔ አስተያየት ኩባንያዎቹ የራሳቸውን ኬብል መሸጡን አልጠሉትም። እኛ ዘንድ ጎልቶ የሚታየውም ማሽኖቻችን ከቻይና፣ ከጣሊያን፣ ከሕንድና ከቱርክ ስለሚመጡ ነው። እያንዳንዱ ማሽን የለመደውን ፒኤልሲ ይዞ ይመጣል።

አዳዲሶቹ በኔትወርክ ኬብል መሥራታቸው ትልቅ እፎይታ ነው። ሲመንስ ኤስ7-1200 ላይ የሚሰካው እንደማንኛውም የኮምፒውተር ክፍል የኢተርኔት ኬብል ነው፤ የላፕቶፑን አይፒ አድራሻ ከፒኤልሲው ጋር በአንድ ኔትወርክ ማድረግ ብቻ ይቀራል። ግን እዚህም አንድ ነገር አለ። የሽናይደር ኤም221 አንዳንድ ሞዴሎች ሁለት ተመሳሳይ የኔትወርክ ቀዳዳ አላቸው፦ አንዱ ኢተርኔት፣ ሌላው ሲሪያል። ከመሰካት በፊት አጠገቡ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። ለዚህኛው ፕሮግራም ለማድረግ በአሮጌ ካሜራዎች ላይ የምናውቀው ሚኒ ዩኤስቢ ኬብልም ይበቃል።

ዛሬ ላፕቶፖቻችን ባለ 9 ፒን ፖርት ስለሌላቸው ለአሮጌዎቹ ፒኤልሲዎች የዩኤስቢ መቀየሪያ እንጠቀማለን። እዚህ ላይ በተለይ ለአርዱይኖ ፕሮጀክት ትንሿን የዩኤስቢ መቀየሪያ የገዛችሁ ልብ በሉ። እሷ የምትሠራው በ5 ወይም በ3.3 ቮልት ነው፤ አርኤስ-232 አይደለችም። ከአርኤስ-232 የሚመጣው ኔጌቲቭ ቮልቴጅ ሊያቃጥላት ይችላል። በተረፈ መቀየሪያ ስትገዙ ውስጡ ያለው ቺፕ ይለያያል፤ ኤፍቲዲአይ፣ ፕሮሊፊክና ሲኤች340 የሚባሉት ይታወቃሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በብዛት ተመስለው ይሠራሉ፤ የተመሰለውን ደግሞ የኩባንያው አዲስ ድራይቨር አልቀበልም ሊል ይችላል። ኤፍቲዲአይ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ድራይቨር የተመሰሉ ቺፖች ከነጭራሹ መሥራት እንዲያቆሙ አድርጎ ብዙ ተወቅሷል። ስለዚህ ድራይቨሩን እዚሁ ግቢ ኢንተርኔት ባለበት ጭናችሁ፣ መቀየሪያውን በላፕቶፓችሁ ላይ ሞክራችሁ ሂዱ። ካቢኔቱ ፊት ቆሞ ድራይቨር መፈለግ አድካሚ ነው።

ስለ ደጋው አገር አንድ ነገር ልጨምር። በተራራማ ከተሞች ጉድጓዱ ከሸለቆው፣ ታንከሩ ከኮረብታው ሲሆን ሁለቱን የሚያገናኝ ረጅም የመረጃ ሽቦ ሊኖር ይችላል። የሁለቱ ቦታዎች ግራውንድ እኩል ላይሆን ይችላል፤ መብረቅ ሲወርድ ደግሞ ልዩነቱ በጣም ይሰፋል። አርኤስ-485 መቋቋም ያለበት የግራውንድ ልዩነት ከ-7 እስከ +12 ቮልት ያለውን ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ውስጡ የተነጠለ፣ ማለትም ሁለቱ ወገኖች በሽቦ የማይነካኩበት መቀየሪያ መግዛት ይሻላል፤ ዋጋው ከፍ ቢልም ከተቃጠለ ፒኤልሲና ላፕቶፕ ይረክሳል። ያልተነጠለ ኬብል ብቻ ካላችሁ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅላችሁ በባትሪ ሥሩ።

ኬብሉ ከተገኘ በኋላ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራሙን ገልብጦ ማስቀመጥ ነው። ለምሳሌ ሚትሱቢሺ ኤፍኤክስ2ኤን ፕሮግራሙን በውስጡ የሚይዘው በባትሪ በሚጠበቅ ሜሞሪ ነው። ባትሪው ደክሞ መብራት ከጠፋ ፕሮግራሙም አብሮ ይጠፋል። መብራት በሚመላለስበት ከተማ ይህ ቀልድ አይደለም፤ ማሽኑን የሸጠው ድርጅት ካልተገኘ ቅጂ የሌለው ፋብሪካ ቆሞ ይቀራል። ቅጂውን ለመውሰድ የኃላፊውን ፈቃድ ጠይቁ፤ ፕሮግራሙ የባለቤቱ ንብረት፣ እናንተ ዘንድ ደግሞ አማና ነው።

በዚህ ጊዜ አንድ የቃል ወጥመድ አለ። በስልካችን «ዳውንሎድ» ማለት ወደ እኛ ማውረድ ነው። በሲመንስና በአለን-ብራድሊ ሶፍትዌር ግን ተገላቢጦሽ ነው፦ «ዳውንሎድ» ከላፕቶፑ ወደ ፒኤልሲው መጫን ሲሆን፣ ከፒኤልሲው ወደ ላፕቶፑ ማምጣት «አፕሎድ» ይባላል። ቅጂ እወስዳለሁ ብሎ ባዶ ፕሮጀክት ከፍቶ «ዳውንሎድ» የነካ ሰው የሚሠራውን ፕሮግራም በባዶ ሊተካው ይችላል። ሚትሱቢሺ «ማንበብ» እና «መጻፍ» ስለሚል በዚህ ይሻላል። ሶፍትዌሩ ማረጋገጫ ሲጠይቅ መልእክቱን እስከ መጨረሻው አንብባችሁ፣ አቅጣጫው ከፒኤልሲ ወደ ላፕቶፕ መሆኑን አይታችሁ ብቻ እሺ በሉ። ፋይሉን ስታስቀምጡም በማሽኑ ስም፣ በፒኤልሲው ሞዴልና በቀኑ ሰይሙት፤ በኬብሉም ላይ ለየትኛው ፒኤልሲ እንደሆነ በፕላስተር ጽፋችሁ ለጥፉበት።